ተቆንጥጣ ያደገች

ልጄ የሰው ልጅ ገልብጣ መሬት ላይ ስትደፋ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ትምህርት ቤቷ ጂም ውስጥ ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከተጋጣሚዋ ጋር እጅ ተጨባበጡ፤ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ከዚያ ያቺ ቁርስ ብዪ እያልኩ የምለምናት ልጅ ዝቅ ብላ ገብታ የልጅቷን ሁለት እግር አቅፋ ወደ ላይ አነሳቻት። ልጅቷ በጀርባዋ ስትወድቅ የተሰማው ድምፅ የጤፍ ጆንያ ከመኪና ላይ ሲወረወር እንደሚሰማው ነው። እኔ "በስመ አብ!" ብዬ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ወላጆች ያጨበጭባሉ።

በሁለተኛው ግጥሚያ አፍንጫዋ ደማ። አሰልጣኟ ጥጥ ጎሰጎሰችላት፤ አንዲት ተማሪ ምንጣፉ ላይ የተንጠባጠበውን ደም መድኃኒት ረጭታ ወለወለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንደገና ያዙ ተባሉ። ወርጄ እጇን ይዤ ጎትቼ የማወጣት መስሎኝ ነበር። እግሬ ግን አልሄደም። ተጋጣሚዋን አንገቷን አንቃ ፊቷን ምንጣፉ ላይ ስታሸው "ድፊያት! አትልቀቂያት!" የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ የገዛ ድምፄ ነው። ስታሸንፍ ደስ አለኝ። ነውር ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

እዚያ ምንጣፍ ላይ ያደረስናት እኔና እህቴ ነን። እህቴ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ዲቪ ደርሷት የመጣችውም ከእኔ በፊት ነው፤ ስለዚህ እዚህ አገር ያለውን ነገር ሁሉ የምታውቀው እሷ ናት። የእሷ ሴት ልጅ ስማቸው ሲጠራ ሰው ቀና ብሎ ከሚቀመጥላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ከገባች ወዲህማ አልተቻለችም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ከበዋት ይቆማሉ፤ እሷም እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ታያቸዋለች።

"ልጅሽ ምን አላት?" አለችኝ እኔንም አንድ ቀን።

"ሁሉም ኤ ነው፤ ይመስገነው።"

"ኤማ የሌለው ማን አለ? ኤ የያዘ እኮ መንገድ ላይ ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያዩት አክቲቪቲ ነው፣ አክቲቪቲ! ሊደርሺፕ ያለበት፣ ፓሽን ያለበት።"

"ፓሽን ደግሞ ምንድነው፣ እትዬ?"

"ያበደችለት ነገር።"

"ኧረ ልጄስ ጤነኛ ናት" አልኳት። ሳቁብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን ላሳብድ ተነሳሁ። አባቷ ከእኛ ጋር የለም፤ ሌላ ትዳር ይዞ ሌላ ስቴት ነው ያለው፤ ስለዚህ የምነዳውም የምቆጣውም እኔ ብቻ ነኝ። ቫዮሊን አስጀመርኳት፤ አስተማሪዋን ያገኘችው እህቴ ስለሆነች ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ድረስ እንሄድ ነበር። ዋና አስጀመርኳት። ዲቤት የሚሉትን ክርክር አስጀመርኳት። ሁሉንም ጀመረች፣ ሁሉንም ተወች። ማቋረጥ በእኔ ዘንድ ትንሽ ነገር አይደለም። ቫዮሊኑን አልፈልግም ያለችኝ ቀን መምቻውን ደጋን ጀርባዋ ላይ ሰበርኩት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስብርባሪውን ከምንጣፉ ላይ የለቀመችውም እሷው ናት።

ወደ ሬስሊንግ፣ ወደዚህ ትግል፣ የገባችው በእኔ ፊርማ ነው። የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጥታ ሬስሊንግ ስትለኝ ራይቲንግ ያለች መሰለኝ። የጽሑፍ ክበብ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ጋር ለሚላከው ኤሴይም ይረዳታል ብዬ ሳላነብ ፈረምኩ። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኗ ሥር አባብጦ፣ ጠቁሮ መጣች።

"ማነው የመታሽ? ንገሪኝ፣ ዛሬ ደም ይፈሳል!" ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ።

"እማዬ፣ ሪላክስ። ፕራክቲስ ነው" አለችኝ፣ ዓይኗ ላይ በረዶ ይዛ።

በማግስቱ ላስወጣት ቆርጬ ለእህቴ ደወልኩላት። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "እንዳታደርጊው! እንዳታስወጪያት! ሀበሻ ሴት ልጅ ሬስለር? ይሄ እኮ ዩኒክ ነው፣ ማንም የለውም!" አለች። እኔም ማስወጣቱን ተውኩት። እንግዲህ ልጄ ያበደችለት ነገር ተገኘ ማለት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ የሴቶቹ ቡድን ካፕቴን ሆነች።

አሁን ስለ እጄ ልናገር፤ ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። እኔ ያደግሁት በዱላ ነው። አባቴ በቀበቶ፣ አስተማሪዬ በአለንጋ፣ ጎረቤት በቁንጥጫ። የጎረቤት ሴት ጭኔን ጠምዝዛ ስትቆነጥጠኝ እናቴ "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!" ነበር የምትላት። ሰፈራችን ውስጥ ሴት ልጅን ማመስገን የፈለገ ሰው ቆንጆ ናት፣ ጎበዝ ናት አይልም፤ የሰው ዓይን ክፉ ነው። "ተቆንጥጣ ያደገች ልጅ ናት" ነው የሚለው። ከዚህ በላይ ምርቃት የለም። የዚህ ተቃራኒ ስድ አደግ ነው፤ ስድ አደግ ከመባል ደግሞ ሞት ይሻላል።

እኔም ቆነጠጥኳት። በጥፊ መታኋት፣ በማማሰያ መታኋት፣ በእግሬ ያለውን ጫማ አውልቄ መታኋት። ይህን ስጽፍ ማሳመር አልፈልግም። ንዴት ሲመጣ እጄ ይቀድመኛል፤ ንዴቱ ሲሄድ የምትወደውን ምግብ እሠራላታለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ እደግመዋለሁ። ልጄም ለምዳው ነበር። ስትመታ አታለቅስም፤ ግድግዳውን ነው የምታየው።

የመጨረሻው ዱላ የመጣው በዚያው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የኅዳር በዓላቸው ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ከሰዓት ነው። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ወር ቀርቶታል። ሳሎን ቁጭ ብላ ኤሴይዋን ትጽፋለች፤ እኔ እየተንጎራደድኩ ነው። እህቴ በስልክ "አንብቢው፣ ልጆች ዝም ብለው ይቀባጥራሉ" ብላኝ ነበር።

"እስቲ አሳዪኝ" አልኳት።

"ኖ። ፐርሰናል ነው።"

"ለማያውቁሽ ሰዎች ልትልኪው ነው አይደል? እኔ እናትሽ አይደለሁም?"

"እማዬ፣ ፕሊስ" ብላ ላፕቶፑን ከደነችው።

ስትከድነው ደሜ ፈላ። ጎተትኩ፤ ያዘችው። የእሷን ጉልበት እዚያ ላይ ነው ያወቅሁት፤ ድንጋይ የጎተትኩ ያህል ነው፣ ፍንክች አላለም። የቻርጀሩን ገመድ ከግድግዳው መንጭቄ፣ ሁለት አጥፌ፣ ክንዷ ላይ በኃይል አሳረፍኩባት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እጄን ልትይዘኝ ትችል ነበር። የካውንቲውን ልጆች አንድ በአንድ የምትዘርር ልጅ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተመታች። "ጨረስሽ?" አለችኝ በአማርኛ። ጨርሼ ነበር። የገመዱ ምልክት ክንዷ ላይ እንደ ቀለበት ታጥፎ ቀይ ሆኖ ታየ።

በማግስቱ ሰኞ ከትምህርት ቤቷ አማካሪ ኢሜይል መጣልኝ። አማካሪዋ ለዩኒቨርሲቲዎቹ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላት ሴትዮ ናቸው፤ ደብዳቤውን ለመጻፍ እንዲረዳቸው ወላጅ የሚሞላው ቅጽ ልከውልኛል። "በልጅዎ ይኩራሩ! ልዩ የሚያደርጋት ምን እንደሆነ ይንገሩን" ይላል። ሥራዬ ክሪስታል ሲቲ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። መኪና ሳይኖር ስልኬ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ፤ መኪና ሲመጣ እዘጋዋለሁ። በልጄ ልኩራራ? በጽሑፍ? ለማላውቀው ሰው? ጎበዝ ናት ብዬ ጻፍኩና ዓይን እንዳይገባት ፈርቼ አጠፋሁት። ደፋር ናት ብዬ ጻፍኩ፤ በአማርኛ ሳስበው ስድብ መሰለኝ፤ እሱንም አጠፋሁት። ያለፈችበት ችግር ካለ ይግለጹ ለሚለው "ምንም የለም" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ላይ መጣልኝ። እኔን ሳያስኮራ እሷን የሚያስከብር፣ ዓይን የማያስገባ፣ እውነተኛ ምስጋና። ተቆንጥጣ ያደገች ናት። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩት። እንዳይጠብባቸውም አስፋፋሁት፦ ልጄ በደንብ ተቆንጥጣ ነው ያደገችው፤ ስታጠፋ እጄን ሰስቼ አላውቅም፤ ሰው አክባሪ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስድ አይደለችም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አማረኝ። ላክሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስልክ ከወጣማ ምን ሊባል ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በር ተንኳኳ። መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ሴት ቆማለች። ከካውንቲው የሕፃናት ጥበቃ ነው የመጣሁት አለችኝ። እዚህ አገር የምንኖር ሀበሾች ሁላችንም የምንፈራው አንድ በር ማንኳኳት ቢኖር ይህ ነው። ልጅሽን ይወስዱብሻል ይባላል፤ ሲባል ሰምቼ "የእኔን ማን ነክቶ!" ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

ልጄ ከመኝታ ቤት ወጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አልደነገጠችም። ለካስ ሴትየዋ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዳ አነጋግራታለች። አማካሪዋ የእኔን ቅጽ አንብበው፣ የልጄን ፊትና ክንድ አይተው፣ ሕጉ ስለሚያስገድዳቸው ሪፖርት አድርገዋል። ልጄ በዚያ ሳምንት ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ አንገቷ ተቧጭሯል፣ ጉልበቷ በልዟል፤ ይህ ሁሉ ከምንጣፉ የመጣ ነው። ከእኔ የመጣው አንዱ ብቻ ነው።

"ጠዋት እናትሽ ትመታሻለች ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር" አለች ሴትየዋ። "የመለሰችልኝ 'እናቴን ጠይቋት' ብላ ነው።"

ልጄን አየኋት። ልጄም እኔን። ሆስፒታል ስሄድ፣ የቤት ኮንትራት ስፈርም፣ የመኪና ኢንሹራንስ ሲደውል የምታስተረጉምልኝ እሷ ነበረች። ሴትየዋ ግን ዛሬ ልጅሽ አታስተረጉምም አለችና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ከወዲያ በኩል የአንድ ትልቅ ሰው የአማርኛ ድምፅ መጣ። "ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ፤ አስተርጓሚ ነኝ፤ የሚናገሩትን ሁሉ እንዳለ ነው የማስተላልፈው" አሉኝ። ከአገሬ ሰው ፊት መቆሜን ሳውቅ እፍረቱ እጥፍ ሆነ።

ሴትየዋ የጻፍኩትን አንድ በአንድ አነበበች። ስለ መቆንጠጡ ስትደርስ ከስልኩ አጭር ሳቅ ተሰማ፤ ሰውየው ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሲያስረዷት ሰማሁ፦ ይህ በእኛ ቋንቋ አባባል ነው፤ በሥርዓት ያደገች፣ ጨዋ ለማለት ነው፤ ምስጋና ነው። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አቆመች። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ከሰማይ ገመድ የወረደልኝ መሰለኝ።

"እሺ፤ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ" አለች። ጥያቄዋ በሰውየው አፍ በአማርኛ መጣልኝ፦ "እመቤቴ፣ የጻፉት አባባል ብቻ ነው ወይስ በእውነት ይመቷታል?"

ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። በሁለቱም ቋንቋ እየሰማችኝ ነው።

"አባባል ነው" አልኩ።

"አባባል ነው" አሉ ሰውየው በእንግሊዝኛ።

ልጄ ግድግዳውን አየች። ሴትየዋ ወደ መኝታ ቤት ይዛት ገባች፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ክንዷ ላይ ስላለው ምልክት ስትጠይቃት ሰማሁ። የልጄ ድምፅ ምንም አልተለወጠም። የራስ መከላከያው ማሰሪያ ነው፣ ሰው ሲጎትተው ይጠመዘዝና ይገርፋል፣ ፕራክቲስ ላይ ሁሌ ያጋጥማል አለች። ሴትየዋ ያመነች አይመስለኝም። ግን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ካፕቴን ናት፣ ሁሉም ኤ ነው፣ አባባሉም አባባል ሆኗል። ሌላ ቀን አንድ ጊዜ ተመልሳ መጣች፤ ከዚያ ፋይሉ ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ ደረሰን።

ያን ሐሙስ በሩ ሲዘጋ "ተመስገን!" ብዬ ሶፋው ላይ ተዘረፈጥኩ።

"አባባል ነው አልሽ" አለች ልጄ። ቆማለች።

"ታዲያ ምን ልበል? እንዲወስዱሽ ነው የፈለግሽው? ማመልከቻሽስ?"

"እንድትዪው ነበር የፈለግኩት። አንዴ ብቻ። እሷ ስትሰማ፣ ሰውየው ሲሰሙ። ለዛ ነው እናቴን ጠይቋት ያልኩት።"

"አንቺ ባለጌ! ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት? በዚህ ዕድሜዬ በባዕድ ፊት ያዋረድሽኝ አይበቃሽም?" ብዬ ተነሳሁ፤ እጄም ከእኔ ጋር ተነሳ።

የሚቀጥለውን አላየሁትም፤ ተሰማኝ እንጂ። እጄ ሳያርፍ ትከሻዋ ሆዴ ሥር ገባ፤ እግሮቼ ከመሬት ለቀቁ፤ ዳሌዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ፤ ከዚያ ጣሪያውን አየሁ። ሁለቱም ትከሻዎቼ ምንጣፉ ላይ ናቸው። ክንዷ ደረቴ ላይ ተጋድሟል፤ ክብደቷ በሙሉ እላዬ ላይ ነው። ለመተንፈስ ታገልኩ። ተራገጥኩ፤ ቧጨርኳት፤ ስሟን እየጠራሁ ረገምኳት። ቀስ አድርጋ አጠበቀችው እንጂ አልመታችኝም። ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ የተሰነጠቀው ከንፈሯ እንደገና ደምቷል፤ እንባዋ ዓይኔ ውስጥ ይወርዳል።

"ሁለተኛ እንዳትመቺኝ" አለችኝ። "ሰማሽኝ? ሁለተኛ!"

"እሺ" አልኩ። ለልጄ እሺ ብዬ አላውቅም ነበር።

ለቀቀችኝ፤ ደሟን አጠበች፤ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ፕራክቲስ ሄደች። እኔ እዚያው ተጋድሜ ቀረሁ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ሳነክስ ያየችኝ ባልደረባዬ ምን ሆንሽ ብትለኝ ደረጃ ላይ ወደቅኩ አልኳት። እንደዚህ ዓይነቱ ውሸት እንዴት ቀሎ እንደሚወጣ ያን ቀን አወቅሁ። ልጄ ለአስተማሪዎቿ ስንት ጊዜ ብላው ይሆን?

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ለእህቴ ተነፈስኩ። ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆመን ጭንቅላቷን ይዛ ሰማችኝ። "ወይ አንቺ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው" አለች። ከዚያ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ።

"እና ጻፈችው?"

"ምኑን?"

"ዱላውን ነዋ! ሙቺ እውነቴን ነው። እናቷ የምትገርፋት ልጅ፣ ሬስለር የሆነች! እንዲህ ያለ ኤሴይ እንባ በእንባ ነው የሚያደርጋቸው። ይሄን ከጻፈችው አለቀ፣ ገባች በያት።"

በእጄ የነበረውን ብርጭቆ ግድግዳዋ ላይ ወረወርኩት። ስብርባሪው ከምድጃው ሥር ድረስ ገባ። እህቴ ከዚያ ወዲህ ለወራት አላናገረችኝም። ከብርጭቆው የከፋው ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ድልድዩ ላይ ስደርስ ያሰብኩት ነው። በጻፈችውስ? አልኩ። ካስገባት፣ ዱላዬ ለአንድ ነገር ዋለ ማለት ነው። እንዲህ ብዬ አስቤያለሁ። ዳር ይዤ መኪናውን አቆምኩ።

ልጄ ማመልከቻውን ልካ ከጨረሰች በኋላ፣ በጥር፣ ሳልጠይቃት ኤሴይዋን አትማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የእኔ አስተርጓሚ ስለመሆኗ ነው የጻፈችው። ሐኪሙን ስቆጣው እሷ "እናቴ ተጨንቃለች" ብላ ትነግረው እንደነበር፤ የቤት አከራዩን ስሰድበው "እናቴ ታመሰግናለች፣ ግን ማሞቂያው አይሠራም" ትለው እንደነበር። የእናቴ ቃላት ሰው ያቆስላሉ፣ እኔ መካከል ቆሜ እቀበላቸዋለሁ፣ ለስለስ አድርጌ አሳልፋቸዋለሁ ትላለች። ስለ እጄ አንድ ቃል የለም። በደጋኑ ቦታ ዝም አለች፤ በገመዱ ቦታ ዝም አለች። የእኔን ውሸት እሷም ደገመችልኝ፤ በሚያምር እንግሊዝኛ።

በመጋቢት መጨረሻ ተቀበሏት። ከዚያው ስማቸው ሲጠራ ቀና ከሚባልላቸው አንዱ። እህቴ ኩርፊያዋን ትታ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እናቶች ከበውኝ "ምን አድርገሽ ነው? ምክሩን ስጪን" ሲሉኝ ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ወጣሁ። ከተቀበሏት ትምህርት ቤቶች አንዱ ከቤታችን የአርባ ደቂቃ መንገድ ነበር። እሷ የመረጠችው ሰባት ሰዓት የሚያስነዳውን ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እጄን አላነሳሁባትም። እሺ ያልኩትን ጠብቄአለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥርሴን ነክሼ፣ አንዳንዴም ወደ መኪናዬ ወርጄ መሪውን በቡጢ እየነረትኩ። በነሐሴ ዕቃዋን ጭነን ስንሄድ ሰባቱን ሰዓት ሳንጣላ ተጓዝን። ዘፈን ከፈተችልኝ፤ አሳቀችኝ። አልፏል ብዬ ነበር። ልጅ ይረሳል ብዬ ነበር።

ዶርሟ አራተኛ ፎቅ ነው። አብራት የምትኖረው ልጅና እናቷ ቀድመውን ገብተው አንሶላ ያነጥፋሉ፤ ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ ተሳሳምን። ካርቶኖቹን እየቀደድን፣ እየሳቅን መጻሕፍቷን ደረደርን። አጎንብሳ ቀና ስትል የካርቶን ፕላስተር ቁራጭ ፀጉሯ ላይ ተለጥፎ አየሁና ላነሳላት እጄን ሰነዘርኩ።

አገጯን ደረቷ ውስጥ ቀበረች። ዓይኗን ጨፈነች። ሁለቱ ክርኖቿ በአንድ ጊዜ ፊቷን ከለሉ፣ ጀርባዋ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተመ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። ያቺ እናት እጇ ላይ ያለውን ትራስ እንደያዘች አየችን፤ ከዚያ ቶሎ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። እጄ አየር ላይ ነበር።

ልጄ ዓይኗን ገልጣ፣ እጄን አይታ፣ ፕላስተሩን ራሷ ከፀጉሯ ላይ ነቀለችው። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

"ሶሪ፣ እማዬ" አለችኝ። "ሶሪ። ይቅርታ።"

ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት።